ያለ ተራው የሚቀልጥ ምድር፦ ዊኒፔግና የጸደይ ጣጣዋ

በምድር ወገብ አቅራቢያ ለሚኖር ሰው ስለ ብርዳማ አገር ችግር ሲወራ ቀድሞ የሚታሰበው የክረምቱ እኩሌታ፣ ማለትም ሁሉ ነገር ነጭ ሆኖ እስትንፋስ ሳይቀር በአየር ላይ የሚጤስበት ጊዜ ነው፤ ጸደይ ደግሞ አበባና ወፍ የሚመለሱበት የእፎይታ ወራት ተደርጎ ይታያል። በካናዳ መካከለኛ ሜዳ ላይ በምትገኘው በዊኒፔግ ግን የመንገድ መሐንዲሱ፣ የጎርፍ ትንበያ ባለሙያው፣ የቧንቧ ጥገና ሠራተኛውና ቤቱ ምድር ቤት ያለው ነዋሪ ሁሉ በስጋት የሚጠብቁት ከማርች አጋማሽ እስከ ሜይ መጨረሻ ያሉትን ሳምንታት ነው። በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ወራትና ዓመታት እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ሲሆኑ፣ «ክረምት» ሲባልም የኢትዮጵያ የዝናብ ወራት ሳይሆኑ ከኖቬምበር እስከ ማርች የሚዘልቀው የበረዶ ወቅት መሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል።

ነገሩ እንቆቅልሽ የሚመስለው ቅዝቃዜው ራሱ ጠላት ነው ከሚል ግምት ለሚነሣ ሰው ነው። የጃንዋሪ ወር አማካይ የሙቀት መጠኗ ከዜሮ በታች 16 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል የሆነችው ይህች ከተማ በጽኑ ውርጭ በተያዘች ጊዜ በአንድ በኩል የተረጋጋች ከተማ ናት፤ አፈሩ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ከባድ ጭነት ይሸከማል፣ የወንዙ ገጽ ሰዎች በበረዶ መንሸራተቻ ጫማ የሚመላለሱበት ጎዳና ይሆናል፣ የተጣለው ቆሻሻም ከበረዶው በታች ተቀብሮ ሳይሸት ይሰነብታል። ጣጣው የሚጀምረው ሙቀት ሲመለስ ነው፤ ምክንያቱም ሙቀቱ ወደ ሁሉም ስፍራ በአንድ ጊዜ አይደርስም። የመሬቱ ላይኛው ክፍል ከታችኛው ቀድሞ ይፈታል፣ የወንዙ ደቡባዊ ክፍል ከሰሜናዊው ቀድሞ ይፈታል፣ የጎዳናው በረዶም ከጎዳናው በታች ያለው የፍሳሽ ቱቦ ሳይከፈት ይቀልጣል፤ ስለዚህም የቀለጠው ውኃ መውጫውን ገና እንደተቆለፈ ያገኘዋል። የዊኒፔግ የጸደይ ችግሮች ብዙ ዓይነት ቢመስሉም ሥራቸው ሲቆፈር አብዛኞቹ የሚገናኙት እዚህ ላይ፣ በመቅለጡ ቅደም ተከተል መዛባት ላይ ነው።

የዊኒፔግ የመሬት አቀማመጥ ደግሞ ችግሩን የሚያባብስ ነው። በመጨረሻው የበረዶ ዘመን ማብቂያ ላይ ወደ ሰሜን ያፈገፍግ የነበረው ግዙፍ ግግር በረዶ የውኃውን መውጫ በመገደቡ፣ ሳይንቲስቶች የአጋሲ ሐይቅ የሚሉት፣ በስፋቱ ጫፍ ላይ በነበረበት ጊዜ ዛሬ የሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ከሚባሉት ድምር እንኳ ይበልጥ የነበረ የውኃ አካል ተፈጥሮ ነበር። ይህ ሐይቅ ከ8,000 ዓመት ገደማ በፊት ፈስሶ ሲያልቅ ትቶት የሄደው ወለል ዛሬ የቀይ ወንዝ ሸለቆ ይባላል፤ «ሸለቆ» መባሉ ግን ሊያሳስት ይችላል፣ ዓይን እስከሚደርስበት ድረስ ጉብታ እንኳ የማይታይበት ሜዳ ነውና። ቀይ ወንዝ ከአሜሪካ የሚኒሶታና የሰሜን ዳኮታ ግዛቶች ተነሥቶ ወደ ሰሜን ሲጓዝ ቁልቁለቱ በአንድ ኪሎ ሜትር 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ዓባይ ከጣና ተነሥቶ ካርቱም እስኪደርስ በአማካይ በየኪሎ ሜትሩ 1 ሜትር ያህል እንደሚወርድ ለሚያውቅ ሰው የቀይ ወንዝ አካሄድ መፍሰስ ሳይሆን መንፏቀቅ ነው፤ ከአፋፉ ካለፈ ደግሞ የሚያቆመው ነገር ስለሌለ በሜዳው ላይ እንደ ፈሰሰ ዘይት ይዘረጋል።

ሐይቁ የተወው ሌላው ቅርስ አፈሩ ነው። ዊኒፔግ የቆመችበት ጥቅጥቅ ያለ የሸክላ አፈር ውኃ ሲጠጣ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ የማዕድን ዓይነት በብዛት የያዘ በመሆኑ በኢትዮጵያ ደጋማ ስፍራዎች ዋልካ ከሚባለው ጥቁር አፈር ጋር የባሕርይ ዝምድና አለው፤ በዝናብ ጊዜ ጫማ ነክሶ የሚያስቀረውንና ግድግዳ የሚሰነጥቀውን ዋልካ እያወቁ አድገው ዛሬ በዊኒፔግ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የሚያዩት አዲስ አፈር ሳይሆን በውርጭ የተፈተነ የሚያውቁት አፈር ነው። ውርጩ የሚጨምርበት ፈተና ምን እንደሆነ ለመረዳት ከመንገዱ መጀመር ይቀላል።

ውኃ ወደ በረዶነት ሲለወጥ ይዘቱ በ9 በመቶ ያህል ስለሚጨምር ለረጅም ጊዜ መንገድ በክረምት የሚነሣውና የሚያብጠው በዚሁ ምክንያት ብቻ ነው ይባል ነበር። ይሁን እንጂ በአፈር ቀዳዳዎች ውስጥ ያለው ውኃ 9 በመቶ ቢጨምር መንገዱን በጥቂቱ ከማንሣት አያልፍም፣ በገሃድ የሚታየው እብጠት ግን ከዚያ እጅግ ይልቃል። በአሜሪካ የደቡብ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ የሥነ ምድር ሊቅ የነበረው ስቲቨን ቴበር በ1929 እና በ1930 ባሳተማቸው ጥናቶች ይህን ግምት በሚያስደንቅ ቀላል ዘዴ አፈረሰው፤ አፈሩን በውኃ ፈንታ ቤንዚን በተባለውና ሲረጋ ከማበጥ ይልቅ በሚኮማተረው የኬሚካል ፈሳሽ (ይህ ከመኪና ነዳጁ የተለየ ነው) አርሶ ባቀዘቀዘው ጊዜ አፈሩ ያም ሆኖ ወደ ላይ ተነሣ። ስለዚህ ዋናው ነገር የውኃው ማበጥ ሳይሆን ከታች እየተሳበ መምጣቱ ነው። ውርጭ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ፣ በረዶ በመሥራት ላይ ያለው ድንበር ከሥሩ ካለው ያልቀዘቀዘ አፈር ውስጥ ውኃን በጠባብ ቀዳዳዎች በኩል ሽቅብ ይስባል፤ የተሳበውም ውኃ የበረዶ ሌንስ የሚባሉ፣ ከወረቀት ውፍረት እስከ ብዙ ሴንቲ ሜትር የሚደርሱ አግዳሚ የበረዶ ንብርብሮች እየሆነ ይከማቻል። አሸዋ ቀዳዳው ሰፊ ስለሆነ ውኃን ሽቅብ አይስብም፣ ንጹሕ ሸክላም ውኃ ቶሎ አያሳልፍም፤ ከሁሉ የሚከፋው በመካከላቸው ያለው ደለል ነው፣ የሚስብበት ኃይልም የሚያሳልፍበት ፍጥነትም አለውና።

መንገዱ ክረምቱን ሙሉ በዚህ ሁኔታ ተነሥቶ ሲቆይ የሚሰበርበት ምክንያት የለም፤ በረዶ ጠንካራ መሠረት ነው። በማርች መጨረሻ ፀሐይ ጥቁሩን አስፋልት ማሞቅ ስትጀምር ግን መቅለጡ የሚጀምረው ከላይ ነው። የላይኞቹ የበረዶ ሌንሶች ውኃ ሲሆኑ፣ ከዚያ በታች ያለው አፈር ገና እንደ ድስት ቂጥ ድፍን ስለሆነ ውኃው ወደ ታች መስረግ አይችልም፤ ወደ ጎንም እንዳይሄድ የመንገዱ ዳርና ዳር በጥላ ውስጥ ባለ በረዶ ተዘግቷል። በአስፋልቱና በደረቁ በረዶ መካከል የቀረው ነገር ጭቃ ነው። ከባድ መኪና በላዩ ሲያልፍ ያ ጭቃ ይጨመቃል፣ አስፋልቱም መሠረት እንደሌለው ቅርፊት ይታጠፋል፣ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የገባው ውኃ ሌሊት እንደገና ይረጋል፣ ቀን ይቀልጣል፣ ጎማውም የላላውን ቁራጭ ፈንቅሎ ያወጣዋል። በአንድ ሳምንት ውስጥ ጎማ የሚያፈነዳ ጉድጓድ የሚፈጠረው እንዲህ ነው። ዊኒፔግ ያለችበት የማኒቶባ ክፍለ ሀገር፣ እንዲሁም ከድንበሩ ማዶ ያሉት ሚኒሶታና ሰሜን ዳኮታ በየዓመቱ በጸደይ የከባድ መኪና ጭነት ገደብ የሚያውጁት ለዚህ ነው፤ በክረምት በረዷማ መንገድ ላይ ከመደበኛው በላይ እንዲጭን የተፈቀደለት መኪና በኤፕሪል ከመደበኛው በታች ጭኖ እንዲሄድ ይገደዳል። የከተማው ጥገና ሠራተኞች በክረምት ጉድጓድ የሚደፍኑበት ቀዝቃዛ የአስፋልት ድብልቅ ደግሞ እርጥብ ጉድጓድ ላይ በወጉ ስለማይጣበቅ ያው ጉድጓድ በአንድ ጸደይ ሁለትና ሦስት ጊዜ ሲሞላ ማየት የተለመደ ነው፤ ነዋሪው በማዘጋጃ ቤቱ ላይ የሚያነሣው ምሬት ትክክል ቢሆንም የሥራው ጠላት ስንፍና ብቻ አይደለም።

መንገዱ ከላይ ሲፈታ ከሥሩ ያለው ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ ወደ ሌላ፣ ለሩቅ ተመልካች ይበልጥ እንግዳ ወደሆነ ችግር ይወስዳል። ሙቀትም ሆነ ቅዝቃዜ በአፈር ውስጥ የሚጓዘው በጣም በዝግታ ነው፤ 2 ሜትር ጥልቀት ላይ ያለ አፈር የክረምቱ ቅዝቃዜ ጫፍ የሚደርሰው ከላይኛው ገጽ ሁለት ወር ገደማ ዘግይቶ ነው። ስለዚህ ሰዎች ካፖርታቸውን አውልቀው በፀሐይ በሚቀመጡበት ወቅት ውርጩ ከእግራቸው በታች ገና ወደ ታች እየገፋ ሊሆን ይችላል። በዊኒፔግ የውኃ ቧንቧዎች ከ2 ሜትር በላይ ጠልቀው የሚቀበሩት ይህን በመፍራት ቢሆንም ከ2013 ወደ 2014 የተሻገረው ክረምት ከአሥርታት ወዲህ ከታዩት እጅግ ብርዳሞቹ አንዱ ስለነበር ውርጩ ቧንቧዎቹን ደረሰባቸው። ከዋናው መስመር ወደየቤቱ የሚገቡት ቀጫጭን ቧንቧዎች በመርጋታቸው ከ1,000 በላይ ቤቶች ውኃ አጡ፤ ችግሩም እያየለ የሄደው በረዶው ከላይ መቅለጥ በጀመረበት ወቅት ነበር። ከተማው ለአደጋ የተጋለጡ ቤቶች አንድ ቧንቧ ቀንና ሌሊት በቀጭኑ ከፍተው እንዲያፈሱ አሳሰበ፣ የሚፈስ ውኃ በቀላሉ አይረጋምና፤ ውኃ ያጡትም ከጎረቤት ቤት በጎማ ቱቦ እየሳቡ ሰነበቱ። አንዳንዶቹ መስመሮች በተፈጥሮ የተፈቱት የበጋው ሙቀት ከገባ በኋላ ነው።

ከዚህ ጋር ሲነጻጸር የጎዳናው አሸዋ ቀላል ጉዳይ ይመስላል። ተራ የገበታ ጨው በረዶን የሚያቀልጥበት አቅም ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ በእጅጉ ስለሚዳከም፣ እጅግ ብርዳማ የሆኑ ከተሞች እግረኛና ጎማ እንዳይንሸራተት በአመዛኙ የሚመኩት በአሸዋ ላይ ነው። በረዶው ሲቀልጥ ክረምቱን ሙሉ የተበተነው አሸዋ፣ ከተፈጨ አስፋልትና ከውሻ ኩስ ጋር ተቀላቅሎ በየጎዳናው ዳር ይቀራል፤ ነፋሻ በሆነ የኤፕሪል ቀን ዊኒፔግ ከበረሃ ዳር ያለች ከተማ የምትመስለው በዚህ አቧራ ነው። የመጥረጊያ መኪኖቹ ከተማዋን አዳርሰው ለመጨረስ ሳምንታት ይፈጅባቸዋል። የስካንዲኔቪያ ከተሞች ደግሞ ጎማ ላይ የሚተከል የብረት ምስማር አስፋልቱን እየፋቀ የሚያወጣው ደቃቅ ብናኝ ስለሚጨመርበት ችግሩን የጤና ጉዳይ አድርገው ይዘውታል፤ ስቶክሆልም በ2010 ሆርንስጋታን በተባለው ጎዳናዋ ላይ ምስማር ያለው ጎማ ማሽከርከርን የከለከለችው በዚህ የተነሣ ነበር።

ከሁሉ የሚበልጠው የዊኒፔግ የጸደይ ጉዳይ ግን ወንዙ ነው። ከተማዋ የተቆረቆረችው ቀይ ወንዝና ከምዕራብ የሚመጣው የአሲኒቦይን ወንዝ በሚገናኙበት ስፍራ ሲሆን፣ ቀይ ወንዝ ወደ ሰሜን መፍሰሱ የመቅለጡን ቅደም ተከተል ከሥሩ ያዛባዋል። ደቡቡ ሞቃት ነው፤ ሰሜን ዳኮታ ውስጥ በረዶው ቀልጦ ወንዙ ሲሞላ፣ የውኃው መዳረሻ በሆነው በዊኒፔግ ሐይቅ በኩል ያለው የወንዙ ክፍል ገና ግማሽ ሜትርና ከዚያም በላይ በወፈረ በረዶ ተሸፍኖ ይቆያል። ከደቡብ የመጣው ውኃ የበረዶውን ንጣፍ ከሥሩ ያነሣዋል፣ ይሰብረዋል፣ ስብርባሪውንም እየገፋ ወስዶ በወንዙ መታጠፊያና በድልድይ እግር ላይ ይቆልለዋል፤ የበረዶ ክትር የሚባለው ይህ ክምር ውኃውን በሰዓታት ውስጥ በሜትር የሚለካ ከፍታ ሊያስነሣው ይችላል። የክፍለ ሀገሩ መንግሥት ከዊኒፔግ በስተሰሜን ባለው የወንዙ ክፍል ላይ በፌብሩወሪና በማርች የበረዶ መቁረጫ ማሽኖችንና በውኃም በበረዶም ላይ የሚሄዱ አምፊቤክስ የተባሉ መስበሪያዎችን የሚያሰማራው ለመቅለጥ ተራው ያልደረሰውን ሰሜን ቀድሞ ለመክፈት ነው።

ጎርፉ ምን ያህል እንደሚሆን መተንበይ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ባለሙያዎቹ በቅድሚያ የሚመለከቱት መሬቱ በመጸው መውጫ ምን ያህል ውኃ ጠጥቶ እንደቀዘቀዘ ነው፤ ረጥቦ የቀዘቀዘ አፈር ቀዳዳው በበረዶ ስለሚደፈን በጸደይ ውኃ አይቀበልም። ቀጥሎ የበረዶው ውፍረት ሳይሆን የውኃ መጠኑ፣ ማለትም ቀልጦ ቢለካ ስንት ሴንቲ ሜትር ውኃ እንደሚወጣው ይመዘናል፤ ለዚህም ቱቦ ወደ በረዶው ሰድዶ ከመመዘን ሌላ በአሜሪካ በኩል ዝቅ ብሎ የሚበር አውሮፕላን ይጠቀማሉ። አፈር በተፈጥሮው ጥቂት የጋማ ጨረር ያመነጫል፣ በላዩ ያለ ውኃ ደግሞ በማናቸውም መልክ ይሁን ጨረሩን ይቀንሰዋል፤ ስለዚህ አውሮፕላኑ በረዶ ከመጣሉ በፊትና ከጣለ በኋላ በአንድ መስመር በርሮ ሁለቱን ሲያነጻጽር በመካከሉ የተከማቸውን ውኃ ማስላት ይቻላል። ይህ ሁሉ ከታወቀ በኋላ የሚቀሩት ሁለት ነገሮች፣ በረዶው በዝግታ ወይስ በአንድ ሳምንት ሙቀት ይቀልጣል፣ በሚቀልጥበትስ ወቅት ዝናብ ይዘንባል ወይ የሚሉት ናቸው፤ እነርሱን ደግሞ በማርች ማወቅ አይቻልም።

የማይታወቀውን እንደታወቀ አድርጎ መናገር የሚያስከትለውን ዋጋ ግራንድ ፎርክስ የተባለችው የሰሜን ዳኮታ ከተማ በ1997 ከፍላለች። በዚያ ክረምት ከባድ በረዶ ከጣለ በኋላ በኤፕሪል መጀመሪያ ቀናት ደግሞ ኃይለኛ የበረዶ ማዕበል ሸለቆውን መታ፤ የአሜሪካ የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት ወንዙ በከተማዋ 49 ጫማ፣ ማለትም 15 ሜትር ያህል እንደሚደርስ ለሳምንታት ሲናገር ቆይቶ ነበር። ነዋሪው ቁጥሩን የሰማው እንደ ጣራ ነው፤ መከላከያውንም ከዚያ ጥቂት ጫማ አስበልጦ ሠራ። ወንዙ ግን ከ54 ጫማ አለፈ። በኤፕሪል 18 እና 19 መከላከያዎቹ ተሸነፉ፣ ከተማዋ ሕዝቧን አስወጣች፣ በመሀል ከተማ የተነሣ እሳትም ውኃ በተኛባቸው ጎዳናዎች መካከል 11 ሕንፃዎችን አጠፋ፤ በውኃ ተከቦ በእሳት የሚነድ ከተማ ለዓለም የቴሌቪዥን ተመልካች ለማመን የሚከብድ ትዕይንት ነበር። የትንበያው ስሕተት ከዚያ ቀደም ከነበሩት የከፋ አልነበረም፤ የጎደለው የስሕተቱን ወሰን አብሮ መናገር ነው።

ያ ውኃ ወደ ሰሜን በዝግታ ሲጓዝ ዊኒፔግ ለመዘጋጀት ሁለት ሳምንት ያህል ነበራት፤ ከዚያ ይበልጥ የጠቀማት ግን 30 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ የተቆፈረላት ቦይ ነው። ወንዙ በ1826 ያደረሰው ጎርፍ በታሪክ ከሚታወቁት ሁሉ የሚበልጥ ሲሆን ያኔ በስፍራው የነበረው ትንሽ የሰፋሪዎች መንደር ብቻ ነበር። በ1950 ግን ውኃው ያገኘው ትልቅ ከተማ ነው፤ በሜይ 5 ሌሊት መከላከያዎች ተደረማመሱ፣ ወደ 100,000 የሚጠጋ ሕዝብም ከቤቱ ወጣ። ከዚያ በኋላ የማኒቶባ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ደፍ ሮብሊን ወንዙን በከተማዋ ምሥራቅ አዙሮ የሚያሳልፍ ቦይ እንዲቆፈር ሲወስን ወጪው ለአንዲት ድሃ ክፍለ ሀገር እብደት ነው ያሉ ብዙዎች ነበሩ፤ ሥራውን «የሮብሊን ቂልነት» ብለው የተሳለቁበት ሲሆን ኋላ ግን ሕዝቡ በፍቅር «የደፍ ቦይ» ይለው ጀመር። ቁፋሮው በ1962 ተጀምሮ በ1968 ሲጠናቀቅ 47 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 63 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ወጪ ነበረው፤ ከወጪው ከግማሽ የሚበልጠውን የፌዴራሉ መንግሥት ሸፈነ። የወጣው አፈር ከ70 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ነው።

አሠራሩ ከላይ ሲታይ ቀላል ነው። ከከተማዋ በስተደቡብ በወንዙ ወለል ላይ የተኙ ሁለት ግዙፍ የብረት በሮች አሉ፤ በጎርፍ ጊዜ ከወለሉ ቀና ሲሉ ወንዙን በከፊል ያግዱታል፣ ከኋላቸው ያለው ውኃም ከፍ ብሎ በአጠገቡ ወዳለው ቦይ ይሻገራል፣ ከተማዋን ዞሮ በሰሜን እንደገና ወደ ወንዙ ይገባል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የአሲኒቦይንን ውኃ ወደ ማኒቶባ ሐይቅ የሚያዞር ሌላ ቦይና በላይኛው ተፋሰሱ ላይ ግድብ ተጨመረ። በ1997 ቦዩ ከታሰበለት በላይ ተሸክሞ ከተማዋን ቢያድንም አንድ ያልተጠበቀ ክፍተት ታየ፤ ሜዳው እጅግ ጠፍጣፋ ከመሆኑ የተነሣ ወንዙ ከሩቅ በስተምዕራብ ዞሮ፣ በሮቹን ትቶ፣ በእርሻ ላይ ተንሸራትቶ ከተማዋን በጓሮ ሊገባባት የሚችል ሆነ። መሐንዲሶችና ወታደሮች ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ የሚዘልቅ የአፈር ግድብ በጥቂት ቀናትና ሌሊቶች ሠርተው ቀደሙት፤ ካርታ ላይ ባለው ቅርጹ የተነሣ «ዜድ» የሚል ፊደል ስም የተሰጠው ይህ ግድብ በማዕበል እንዳይሸረሸር አሮጌ የትምህርት ቤት አውቶቡሶች ሳይቀሩ በፊቱ ተደርድረው ነበር። ውኃው በሜይ መጀመሪያ ቀናት ጫፉ ላይ ሲደርስ ከተማዋ ደረቅ፣ ከእርሷ በስተደቡብ ያለው ሜዳ ግን ሕዝቡ «ቀይ ባሕር» ያለው ሐይቅ ነበር። ቦዩ ከዚያ በኋላ ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ በሆነ ወጪ ሰፍቶ በ700 ዓመት አንድ ጊዜ ሊደርስ ይችላል ተብሎ የሚገመተውን ጎርፍ እንዲያሳልፍ ተደርጓል፤ ከአሜሪካ ከተሞችም ፋርጎ በተመሳሳይ ሐሳብ የራሷን ቦይ ስትሠራ ቆይታለች።

ወንዝ ከአፋፉ በታች ቢቀመጥም የከተማው ነዋሪ ከውኃ ስጋት አይወጣም። የጎዳና ውኃ መቀበያዎች በበረዶ ተደፍነው ስለሚገኙ ሠራተኞች በእንፋሎት ሲከፍቷቸው ይከርማሉ፤ ወንዙ ሲሞላም ወደ እርሱ የሚፈሱት ቱቦዎች የወንዙ ውኃ እንዳይመለስባቸው ይዘጋሉ፣ በዚያ ሰዓት ዝናብ ከዘነበ ውኃው በፓምፕ ካልሆነ መውጫ የለውም። በአሮጌዎቹ ሰፈሮች የዝናብ ውኃና የቤት ፍሳሽ በአንድ ቱቦ ስለሚሄዱ ቱቦው ሲሞላ የሚመለሰው ወደ ምድር ቤቱ ወለል ነው። መሠረት ከውርጭ በታች መውረድ ስላለበት ቤቶቹ ሁሉ ማለት ይቻላል ምድር ቤት አላቸው፤ ያበጠው ሸክላም ግድግዳውን ከጎን ይገፋዋል። ፍሳሽ እንዳይመለስ የሚያግድ ቫልቭና የጉድጓድ ውኃ የሚስብ ፓምፕ ለዊኒፔግ ቤት ባለቤት እንደ ምድጃ የግድ የሆኑ ዕቃዎች ናቸው።

ስለ ቦዩ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ከበሮቹ በስተደቡብ የሚኖረው ሰው ነው። በሮቹ ሲነሡ ውኃው ከኋላቸው ከፍ እንዲል መደረጉ የአሠራሩ አካል ነው፤ ቦዩ ባይኖር ኖሮ ይደርስ ከነበረው ከፍታ በላይ ሲወጣ ግን ለከተማዋ ደኅንነት ሲባል የገበሬው ማሳና የመንደሩ ሰው ቤት ሆን ተብሎ በውኃ ይጥለቀለቃል ማለት ነው። በ1997 በሸለቆው የተፈናቀሉት ሰዎች ያነሡት ምሬት ይህ ሲሆን፣ ሳንት አጋት የተባለችውን ትንሽ ከተማ ያጥለቀለቃት ውኃ ደግሞ የመጣው ከወንዙ ሳይሆን ማንም ካልጠበቀው ከምዕራብ ሜዳ ነበር። ክፍለ ሀገሩ በ2004 ባወጣው የቀይ ወንዝ ጎርፍ ማስቀየሻ ሕግ ከበሮቹ መነሣት የተነሣ ከተፈጥሮው ከፍታ በላይ ውኃ ለገባበት ሰው ካሣ የሚከፈልበትን ሥርዓት ደነገገ፤ ይሁንና «የተፈጥሮ ከፍታ» የሚባለው በሒሳብ የሚወሰን እንጂ ማንም በዓይኑ ያየው መስመር ስላልሆነ ክርክሩ ከወንዙ ዳር ወደ ስሌቱ ተዛወረ እንጂ አልጠፋም።

በሸለቆው ያሉት ትንንሽ ከተሞች በበኩላቸው ራሳቸውን በቀለበት ግድብ ከብበዋል፣ በገጠሩም ብዙ ቤት በተቆለለ አፈር ላይ ከፍ ተደርጎ ተሠርቷል። ጎርፍ በሚበዛበት ዓመት ሞሪስ የተባለችው ከተማ የግድቧን በሮች ስትዘጋ፣ ዊኒፔግን ከአሜሪካ ድንበር ጋር የሚያገናኘው 75 ቁጥር አውራ ጎዳናም አብሮ ይዘጋል፤ ያን ጊዜ ጭነት የያዙት መኪኖች በጸደይ የክብደት ገደብ ሥር ባሉት የጎን መንገዶች፣ ጭነታቸውን ቀንሰው፣ ለሳምንታት ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳሉ።